ግራናዳ ለምትሄጂው እህት፦ እኔ እንደተበላሁት እንዳትበዪ

እህቴ፣ «ስፔን፣ ግራናዳ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፤ የመጨረሻው ሙስሊም ሱልጣን ከተማዋን ያስረከበበትን ቦታ እንዴት ላግኘው?» ብለሻል። አምና ሄጄ ነበር፣ ስሚኝ።

1. ትኬቱ ላይ «ፓላሲዮስ ናሳሪየስ» የሚል ከሌለ እንዳትገዢ። የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት እሱ ነው። እኔ ስሙን ከማልጠራው ድረ ገጽ በእጥፍ ዋጋ ገዛሁ። ቤተ መንግሥቱ ያለበት ትልቁ ግቢ፣ አልሃምብራ ስደርስ ለካ ለአትክልቱና ለምሽጉ ብቻ ነው! ብደውል «አንብበህ አትገዛም?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አንድ ሌሊት ጨምሬ፣ እንደገና ከፍዬ ገባሁ። የመግቢያ ሰዓትሽ ካለፈ ደግሞ አለቀ። ፓስፖርትሽን ያዢ።

2. ርክክቡ የተደረገው አልሃምብራ ግቢ ውስጥ አይደለም። እኔ ግማሽ ቀን በከንቱ ስዞር ዋልኩ። ታች ወርደሽ ሄኒል ወንዝ ዳር የቅዱስ ሰባስትያን ጸሎት ቤት የምትባል ትንሽዬ ቤት አለች፤ ድሮ የሙስሊሞች ነበረች። ስፔኖች ቦአብዲል የሚሉት የመጨረሻው ሱልጣን፣ አቡ አብደላህ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1492 የከተማዋን ቁልፍ ለስፔኑ ክርስቲያን ንጉሥ ፈርዲናንድ የሰጠው እዚያ ጋ ነው። መኪናው ያልፋል፣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

አስጎብኚ ከያዝሽ ቦአብዲል ኮረብታ ላይ ቆሞ ማልቀሱንና እናቱ መስደቧን ይነግርሻል። ተረት ነው። እኔን ያናደደኝ ሌላውን መዝለሉ ነው። ሰውዬው ከአባቱና ከአጎቱ ጋር ለሥልጣን ሲዋጋ ነው ቤቱ የፈረሰው። በ1483 ሉሴና ላይ ተማረከ፤ የጠላቱ ገባር ሆኖ፣ ልጁን መያዣ ሰጥቶ ተፈታ። የግዛቱ ወደብ ማላጋ በ1487 ስትወድቅ ግራናዳ ብቻዋን መቅረቷ ነበር። ሲከበብ ከተማው ተራበ፣ እሱም ከተማዋን ሊያስረክብ ተፈራረመ። ውሉ «ሃይማኖታችሁ አይነካም» ይላል፤ በ1502 ግን ግራናዳን የያዘችው የክርስቲያኖቹ መንግሥት ካስቲል ሙስሊሞቿን «ተጠመቁ ወይም ውጡ» አለቻቸው። ቦአብዲል ያኔ ባሕር ተሻግሮ ሞሮኮ፣ ፌዝ ገብቷል።

የቤተ መንግሥቱን ግድግዳ ዝም ብለሽ አትለፊ። «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው የናስሪዶች፣ የነቦአብዲል ሥርወ መንግሥት፣ መፈክር በየጌጡ በዐረብኛ ተቀርጿል። ጅዳ ስሠራ የለመድኩት ዐረብኛ እዚህ ጠቀመኝ፤ አጠገቤ ላሉት ቱሪስቶች ሳነብላቸው አስጎብኚያችን ፊቱን አጠቆረብኝ። ይጥቆር!

የጸሎት ቤቷን ፎቶ አንሺልኝ እሺ? እኔ ስደርስ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር።