ስለ ዋ ሕዝብ ስም፣ ቋንቋና ማንነት፦ ጥያቄና መልስ

በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ ኩንሚንግ ከተማ ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት ማደሪያዬን የተጋራሁት ከዋ ተማሪዎች ጋር ነበር። ከዚያ ወዲህም ስለ ሕዝቡ ማንበብና መጠየቅ አላቋረጥኩም። እዚህ የምመልሰው ከእናንተ የመጡትን ጥያቄዎች ነው፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋ የሚባሉት ጋና ውስጥ ያሉት ናቸው?

አይደሉም። በጋና ሰሜን ምዕራብ ዋ የምትባል ከተማ አለች፤ የሕዝቧ ስም ግን ዋላ ነው። እኔ የማወራው በቻይናና በምያንማር ድንበር፣ በሳልዊንና በሜኮንግ ወንዞች መካከል ባለው ተራራማ አገር ስለሚኖሩት ነው። በ2010 ቆጠራ ቻይና ውስጥ ወደ 430,000 ዋዎች ተመዝግበዋል። የቀሩት በአብዛኛው የሚኖሩት ምያንማር፣ ሻን ክልል ውስጥ ነው።

ራሳቸውንስ «ዋ» ብለው ነው የሚጠሩት?

እንደ አገሩ ነው። ቻይና ውስጥ በጻንግዩአንና በላንጻንግ ወረዳዎች በኩል ያሉት «ፓራኦክ» ይላሉ። ሺመንግና መንግልየን ያሉት ደግሞ «አቫ» ይላሉ፣ በስተሰሜን ዮንግዴና ዤንካንግ ስትደርሱ «ቫ» ነው። የማደሪያ ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ በቻይንኛ ሲጠየቅ «ዋ ነኝ» ይላል፤ እናቱ ስትደውል ግን ስለ ዘመዶቹ የሚያወራው ፓራኦክ እያለ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። «ዋ» ለመንግሥት መዝገብና ለሩቅ ሰው የሚሆን የጋራ ስም ነው፣ ሌላው የቤት ነው። ስለዚህ የዋ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ አገሩን ጠይቁት፤ ስሙ አብሮ ይመጣል።

አሮጌ ጽሑፍ ላይ «ካዋ» የሚል አየሁ። ሌላ ሕዝብ ነው?

ያው ሕዝብ ነው፣ ስሙ ግን ስድብ ነበረበት። «ካ» ከሻኖችና ከሌሎች የታይ ቋንቋ ተናጋሪዎች የመጣ ቃል ነው፤ ባሪያ ማለት ነው። ሸለቆውን የያዙት ሩዝ አብቃዮች ተራራ ላይ ያለውን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ቻይናውያን ቃሉን ከነሱ ወርሰው መዝገብ ላይ አሰፈሩት። ሕዝቡ ስለ ተቃወመ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ካ» ወጥቶ «ዋ» ብቻ ቀረ። በድሮው የቻይንኛ ጽሑፍ የብዙ አናሳ ሕዝቦች ስም የውሻ ምልክት ባለበት ፊደል ይጻፍ እንደነበርም ልብ በሉ። ዛሬ የዋ ስም የሚጻፍበት ፊደል የሰው ምልክት አለበት።

«ወላሞ» እና «ፈላሻ» ሲባል ለሰማ የአገራችን ሰው ይህ ረጅም ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ሕዝቡ ያልመረጠው ስም ሰነድ ላይ ከሰፈረ በኋላ ለማስወጣት ትውልድ ይፈጃል።

«የዱር ዋ» የሚባሉትስ?

እንግሊዞች በርማን (የዛሬዋን ምያንማር) ሲገዙ ዋዎችን «የዱር» እና «የተገራ» ብለው ለሁለት ከፈሏቸው። ቻይናውያን ከዚያ በፊት «ጥሬ» እና «ብስል» ይሉ ነበር። መለኪያው የሕዝቡ ጠባይ አልነበረም። ለሸለቆው ገዥ የሚገብር፣ መንገድ ዳር ያለ፣ የታይ ቋንቋ የሚችል ብስል ነው፤ ማንም ያልደረሰበት መሐል ተራራ ያለው ጥሬ ነው።

የሚገርመኝ የ1947 ታሪክ ነው። በርማ ነጻ ልትወጣ ስትል የድንበር አካባቢዎችን ሐሳብ የሚሰማ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። የዋ ተወካዮች ወደፊት ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ፣ እኛ የዱር ሰዎች ነን፣ ይህን አስበንበት አናውቅም የሚል መልስ ሰጡ። ትምህርት፣ ሆስፒታል አትፈልጉም ወይ ሲባሉም መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ማስረጃ ይጠቅሱታል። እኔ ግን በዚያው ቃል ውስጥ «ከማንም ጋር መቀላቀል አንፈልግም፣ ራሳችንን ችለን የኖርን ነን» ማለታቸውን አስቀድማለሁ። የሰጧቸውን ስም መልሰው እንደ አጥር ተጠቀሙበት።

ራስ ይቆርጡ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የተቆረጠው ራስ ከዘር ወቅትና ከሰብል በረከት ጋር የተያያዘ ሥርዓት ነበረው። ቻይና ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆመ፤ በርማ ውስጥ እስከ 1970ዎቹ ቆይቷል። ዛሬ የለም። ስለ ዋ የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ መጀመሩ ግን ያሳዝነኛል፤ ይህን ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ ሕዝቡ ገና ምንም አላወቀም።

ቋንቋቸው የቻይንኛ ቀበሌኛ ነው?

ፈጽሞ። ዋ የኦስትሮኤሺያቲክ ቤተሰብ ነው፤ ዘመዶቹ የካምቦዲያው ክመር፣ ሞንና ቬትናምኛ ናቸው። አራት በዋ «ፖን» ነው፣ በቬትናምኛ «ቦን»፣ በክመር «ቡዎን»። የቅርብ ወንድሞቹ ብላንግና የሰሜን ታይላንዱ ላዋ ናቸው።

ፓራኦክ እንደ ቻይንኛ የቃል ፍቺ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ አይለወጥበትም። ሌላ ነገር አለው፤ አንዱ አናባቢ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ሌላው ትንፋሽ ተቀላቅሎበት እንደ ማቃሰት ይላል፣ በዚህም ልዩነት ቃሉ ሌላ ይሆናል። ጓደኛዬ ሁለት ቃላት ደጋግሞ ሲለኝ መጀመሪያ አንድ መስለውኝ ነበር። በኋላ መዳፌን አፉ ፊት አድርጎ ሁለቱን አስደገመኝ፤ ጆሮዬ የለየው ከዚያ በኋላ ነው። ግሡ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚመጣባቸው ዓረፍተ ነገሮችም ብዙ ናቸው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ለኛ ሰው ይህ ይከብዳል።

የራሳቸው ፊደል አላቸው?

በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፤ ችግሩ አጻጻፉ ሁለት መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን በ1930ዎቹ የአሜሪካ ባፕቲስት ሚስዮናውያን፣ የያንግ ቤተሰብ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ለመተርጎም አዘጋጁት። ሁለተኛውን የቻይና መንግሥት በ1950ዎቹ አወጣው፤ መሠረቱ ጻንግዩአን ያለችው የአይሽዋይ አነጋገር ነው፣ ፊደላቱም ቻይንኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት የፒንዪን ድምፅ ተሰጣቸው። ሚስዮናዊው «ፒ» የጻፈውን የቻይናው «ቢ» ይጽፈዋል። ምያንማር ውስጥ የሚሠራበት የተሻሻለው የሚስዮናውያኑ ነው። እንግዲህ ድንበሩን ተሻግረው በአፍ የሚግባቡ ሁለት የአክስት ልጆች ደብዳቤ ሲጻጻፉ ይቸገራሉ። በቋንቋው ላይ ከደረሰው ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

የሰው ስም እንዴት ያወጣሉ?

በመጀመሪያ የልጁ ተራ ይጠራል። ወንዶች በቅደም ተከተል አይ፣ ኚ፣ ሳም ይባላሉ፤ ሴቶች ዬ፣ ኢ፣ አም። ከዚያ የተወለደበት ቀን ስም ይከተላል። በብዙ መንደሮች የአባት ስም ከልጁ ቀጥሎ ይያያዛል፣ ትውልድም የሚቆጠረው ከራስ ጀምሮ ወደ ኋላ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ትምህርት ቤትና መታወቂያ ሲመጣ ግን የቻይና ስም ይጨመራል። ምያንማር ውስጥ ዋዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የዋ ግዛት መሪ በቻይንኛ ባዎ ዮውሺያንግ ነው፣ በበርማ ጋዜጦች ፓው ዩ ቻንግ፣ በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ ታ ፓንግ። «ታ» አያት ማለት ነው፤ ለአንቱታ ይሆናል።

የዋ ግዛት አገር ነው ወይስ የቻይና ክፍል?

በሕግ የምያንማር አካል ነው፤ የ2008ቱ ሕገ መንግሥት ራስን የማስተዳደር ቀጠና ይለዋል። በተግባር ከ1989 ጀምሮ፣ ከበርማ ኮሚኒስት ፓርቲ ከተገነጠሉ ወዲህ፣ ራሳቸው ያስተዳድራሉ፤ ዋና ከተማቸው ፓንግካም ናት። ገንዘቡ ዩአን፣ የስልኩ መስመር የቻይና፣ የቢሮው ጽሑፍ በአብዛኛው ቻይንኛ ነው። ይህን ያየ «ቻይናውያን ናቸው» ቢል አይገርምም፣ ግን ስሕተት ነው። ወረቀቱ ቻይንኛ ሆኖ፣ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚወራው ዋ ነው።

ስለ አመጣጣቸው እነሱ ምን ይላሉ?

ሲጋንግ ሊህ ይሉታል፣ ከሲጋንግ መውጣት ማለት ነው። ሺመንግ በኩል ሲጋንግ ዋሻ ነው፣ ጻንግዩአን በኩል ቅል ነው ይላሉ። ሰዎች ሁሉ በዋሻ ተዘግተው ሳለ ወፍ ዓለቱን በመንቁሯ ፈለፈለች። በሩ ላይ ነብር ቆሞ የሚወጣውን ሲነክስ አይጥ ጭራውን ነከሰችው፣ ሰዎችም ወጡ። መጀመሪያ የወጣው ዋ ነው፤ ሃን፣ ታይና ላሁ ተከትለው ወጡ። በዚህ ትረካ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ታናሾቻቸው ናቸው።

ቤታቸው እንግዳ ብሆን ምን ይጠብቀኛል?

ሽማግሌውን «ታ» ብለህ ጥራ። በዶሮ የተሠራ የሩዝ ገንፎ ይቀርብልሃል፤ በቀርከሃ ዋንጫ ጠላቸው ይከተላል። ባለቤቱ ጥቂት መሬት ላይ አፍስሶ፣ ራሱ ቀምሶ ነው የሚሰጥህ። የሚጠመቀው ከትንሿ ቀይ እህል ነው፤ ያቺ እህል የኛው ዳጉሳ ናት፣ የዘር መነሻዋም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። የጎጃም ሰው ከሆንክ ንገራቸው፤ የእኔን ጓደኞች ደስ አሰኝቷቸዋል።