ከዌልስ አፈ ታሪክ ስለተቀዳ ልቦለድ አስተያየት ለምትጽፉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ፋንታሲ አንብባችሁ የምትጽፉት አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው “በጣም ደስ ይላል፣ እንዳያመልጣችሁ” ብሎ ያልቃል። ሌላው ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ሲተርክ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ከአምስት ኮከብ አራት ይሰጣል። የፊተኛው ምክንያት የለውም፣ የኋለኛው ፍርድ የለውም። ልቦለዱ ከአንድ ሕዝብ የቆየ ተረት የተቀዳ ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ ጥፋት ይጨመራል፤ አፈ ታሪኩን ገልጦ ያላየ ሰው “አፈ ታሪኩን አዛብቶታል” ወይም “ሳይሸራርፍ አቅርቦታል” ብሎ ይበይናል። ይህ ደብዳቤ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ ሥራ እንያዝ። አሜሪካዊው ሎይድ አሌክሳንደር “የፕሪዴይን ዜና መዋዕል” የተባሉትን አምስት ቅጾች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1968 በየዓመቱ አንድ አንድ እያለ አወጣ። የመጨረሻው ቅጽ በ1969 በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳሊያ አግኝቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ታራን ነው፤ ማዕረጉም “ረዳት የአሳማ እረኛ”።

እዚህ ላይ የኛ አገር አንባቢ ይስቃል፣ አንዳንዱም ይጸየፋል። ሁለቱም ይገባኛል፤ ግን አስተያየት ሲጻፍ አሳማው በተነሣበት አገር መለካት አለበት። በዌልስ ተረቶች አሳማ የከበረ ከብት ነው፤ ከሌላው ዓለም በስጦታ የመጣ፣ ጦርነት የተነሣበት። ነገሮችን በሦስት በሦስት በሚዘረዝሩት የዌልስ “ሦስትዮሾች” ውስጥ ደግሞ ከሦስቱ ኃያላን የአሳማ እረኞች አንዱ ኮል ይባላል። የሚጠብቃት እሪያ ሄንዌን በየደረሰችበት ስንዴ፣ ንብ፣ ገብስ፣ ከዚያም የተኩላ ግልገልና የድመት ግልገል ትወልዳለች። አሌክሳንደር ኮልንም ሄን ዌንንም ወስዶ እሪያዋን ትንቢት ተናጋሪ አድርጓታል። ስለዚህ “አሳማ እረኛ” የሚለው ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊው አንባቢውን እያሳቀ ከምንጩ የቀዳው የክብር ስም ነው።

ምንጩ የት ነው? “የኬልት አፈ ታሪክ” ሲባል አንድ መጽሐፍ ያለ የሚመስለው ብዙ ነው። የለም። የአየርላንዱ ሌላ፣ የዌልሱ ሌላ ነው፤ ቋንቋቸውም፣ ብራናቸውም፣ ጀግኖቻቸውም ይለያያሉ። አሌክሳንደር የቀዳው ከዌልሱ ነው። የዌልሱ ተረቶች በዋናነት በሁለት ብራናዎች ተጠብቀዋል፤ አንዱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ የተጻፈው የረደርኽ ነጭ መጽሐፍ፣ ሌላው ከ1382 በኋላ የተጻፈው የሄርጌስት ቀይ መጽሐፍ ነው። ዛሬ አሥራ አንዱን ተረቶች በአንድነት ማቢኖግዮን እንላቸዋለን፤ ዋነኞቹ አራቱ “ቅርንጫፎች” ይባላሉ። የጻፏቸው ክርስቲያኖች ናቸው። “የጥንት አረማውያን ቅዱስ መጽሐፍ” የሚል አስተያየት ካያችሁ ጸሐፊው ከሽፋኑ ጀርባ እንዳላለፈ እወቁ።

አራቱ ቅርንጫፎች በዛሬ ትርጉም መቶ ገጽ አይሞሉም፤ በሁለት ምሽት ያልቃሉ። ሌዲ ሻርሎት ጌስት ከ1838 እስከ 1849 ያሳተመችው የእንግሊዝኛ ትርጉም የባለቤትነት መብቱ ስላለፈ በነፃ ይገኛል። ግን ተጠንቀቁ፤ በዘመኗ ነውር የመሰላትን አለስልሳለች። በተለይ አራተኛውን ቅርንጫፍ በእሷ ብቻ አንብቦ መፍረድ ያሳስታል፤ ከተቻለ የቅርብ ጊዜ ትርጉም ፈልጉ።

አሁን ወደ አነባበቡ። ልቦለዱን መጀመሪያ ምንጩን ሳታዩ አንብቡት። ተረቱን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ልቦለዱን የሚያነበው እንደ ፈተና አራሚ ነው፤ ልዩነት ሲያገኝ ቀይ መስመር ያሰምራል እንጂ አይፈራም፣ አይስቅም። በዚህ ንባብ ወቅት ከጎናችሁ ወረቀት ይኑር፤ ገጹን፣ የሆነውን በሦስት አራት ቃል፣ የተሰማችሁን በአንድ ቃል ጻፉ፤ “ገጽ ይህ፣ ጎላው ተገኘ፣ ሰለቸኝ” ያህል ይበቃል። ስሜት በማግስቱ ይጠፋል፤ ገጹ ካልተያዘ ደግሞ “መሃሉ ይንዛዛል” ከማለት አታልፉም፤ የትኛው መሃል? ከዚያ ቅርንጫፎቹን አንብቡ። በመጨረሻ ወደ ልቦለዱ ተመልሳችሁ ለውጥ ያያችሁባቸውን ምዕራፎች ብቻ ድገሙ። በመጀመሪያው ቅጽ መግቢያ ላይ ያለችውን የደራሲውን አጭር ማስታወሻ አትዝለሉ፤ መጽሐፉ የዌልስን ተረት መልሶ መተረክ እንዳልሆነ፣ ፕሪዴይንም ሙሉ በሙሉ ዌልስ እንዳልሆነች ራሱ ይናገራል። ይህን ያላየ አንባቢ ጸሐፊውን ባልገባው ቃል ይከሰዋል።

ለውጥ ስታገኙ የምትጠይቁት “ትክክል ነው ወይ?” ብላችሁ አይደለም። “ይህ ለውጥ በልቦለዱ ውስጥ ምን ሠራ? ምንስ አጎደለ?” ብላችሁ ነው። ሁለት ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ።

የመጀመሪያው አራውን ነው። በመጀመሪያው ቅርንጫፍ ፑዊል የተባለ መስፍን አደን ወጥቶ የሌላ ሰው ውሾች የጣሉትን አጋዘን ለራሱ ውሾች ያስበላል። ያባረራቸው ውሾች አካላቸው ነጭ፣ ጆሯቸው ቀይ ነበር፤ ጌታቸውም የአኑቭን፣ ማለትም የሌላው ዓለም፣ ንጉሥ አራውን። ፑዊል ጥፋቱን ለመካስ ከአራውን ጋር መልክ ተለዋውጦ አንድ ዓመት በዙፋኑ ይቀመጣል። የአራውንን ባላንጣ በአንድ ምት ብቻ መምታት አለበት፤ ሁለተኛ ከደገመ ሰውየው ይድናልና። በአራውን አልጋ ላይም ከንግሥቲቱ አጠገብ ዓመቱን ሙሉ ፊቱን ወደ አልጋው ጠርዝ አዙሮ ያድራል። አራውን በበኩሉ የፑዊልን አገር ከቀድሞው በተሻለ ፍትሕ አስተዳድሮ ያስረክበዋል፤ ከዚያ በኋላ ፈረስና ውሻ እየተላላኩ ወዳጆች ሆነው ይኖራሉ።

በልቦለዱ ይኸው አራውን የሞት ጌታ፣ የክፋት ሁሉ ምንጭ ነው። የዌልስ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለመገመት፣ አንድ የውጭ ጸሐፊ ዘንዶውን አርዌን ደግ ንጉሥ አድርጎ ቢያመጣብን ምን እንደምንል ማሰብ ይበቃል። ሆኖም ቅሬታው ራሱ ሂስ አይደለም። ሂስ የሚሆነው እንዲህ ሲባል ነው፦ አራውን በብዙው ታሪክ ውስጥ ፊቱ አይታይም፤ በአሽከሮቹ በኩል ብቻ ስለሚሠራ ክፋቱ ምክንያት የለውም። የምንጩ አራውን ቃል የሚጠብቅ፣ የሚበደል፣ የሚካስ ሰው ነበር፤ ልቦለዱ ያን ሁሉ ጥሎ በምትኩ ጥላ አስቀመጠ። እኔ ይህን ኪሳራ እለዋለሁ። ሌላ አንባቢ “ለአሥር ዓመት ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ የጠራ ጠላት ያስፈልገዋል” ቢለኝ እሰማዋለሁ፤ ቢያንስ የምንከራከርበት ነገር አለን።

ሁለተኛው ጎላው ነው። ሁለተኛውን ቅጽ ያላነበበ የሚቀጥሉትን ሁለት አንቀጾች ይዝለል፤ እናንተም መጨረሻ የሚገልጥ ነገር ስትጽፉ እንዲሁ አስቀድማችሁ አስታውቁ።

በሁለተኛው ቅርንጫፍ የብሪታንያው ንጉሥ ብራን እህቱን ብራንዌንን ለአየርላንዱ ንጉሥ ለማቶሉኽ ይድራል። በሠርጉ የተቀየመው ወንድሟ ኤቭኒስየን የእንግዶቹን ፈረሶች ከንፈር እስከ ጥርስ፣ ጆሮ እስከ ራስ፣ ጅራት እስከ ጀርባ ይቆርጣል። ብራን ለካሳ ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ ያ ጎላ ነው፤ የሞተ ወታደር ሲጣልበት በማግስቱ ተነሥቶ ይዋጋል፣ ብቻ መናገር አይችልም። በኋላ ጦርነቱ በአየርላንድ ሲፈነዳ ካሳው በሰጪው ላይ ይዞራል፤ የአየርላንድ ሙታን ከጎላው እየወጡ የብራንን ሰዎች ይጨርሳሉ። ያኔ ኤቭኒስየን በሬሳዎቹ መካከል ተኝቶ እንደ ሙት ይጣላል፤ ውስጥ ገብቶም አካሉን ሲወጥር ጎላው አራት ቦታ ይሰነጠቃል፣ የእሱም ልብ አብሮ ይፈነዳል።

አሌክሳንደር ዲዳዎቹን ሙታን እንዳሉ ወስዷቸዋል። ጎላውን የሚያጠፋው ግን እንደሚሞት አውቆ በፈቃዱ የሚገባበት ሕያው ሰው ነው። የሚገባውም ኤሊዲር ነው፤ ኩሩ፣ ምቀኛ፣ የጓደኞቹን ድካም ለራሱ ክብር የዘረፈ ልዑል። ብዙ አንባቢ “ኤሊዲር በድንገት ደግ ሆነ” ብሎ ያማርራል። ኤቭኒስየንን የሚያውቅ ግን ጸሐፊው አጥንቱን እንደጠበቀ ያያል፤ ጥፋቱን የጀመረው ነው ዕዳውን የሚከፍለው። ይህ ትርፍ ነው። ግን “ምንጩ ላይ ስላለ ድንገተኛ አይደለም” ማለት አይቻልም፤ ልቦለዱ በራሱ እግር መቆም አለበት። ክርክሩን የሚፈታው የልቦለዱ ገጽ ነው፤ ኤሊዲር ከዚያ በፊት የተጸጸተበት ወይም የተሰበረበት ቦታ አለ? ፈልጉና ጥቀሱ።

ፊልሙን ብቻ አይተው ስለ መጽሐፉ የሚጽፉም አሉ። ዲዝኒ በ1985 ያወጣው ካርቱን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች አጣምሮ ግዊድዮንን ጨርሶ አውጥቶታል፤ ወደ ጎላው የሚዘለውም የታራን ወዳጅ የሆነው ፍጡር ጉርጊ ነው፣ በኋላም ነፍስ ይዘራል። የሚወደድ ፍጡር ሞቶ መመለሱና የሚጠላ ሰው ሞቶ መቅረቱ አንድ ታሪክ አይደለም። ከየትኛው እንደምትናገሩ በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፉ፤ የትኛውን ቅጽ እንዳነበባችሁም ጨምሩ። አንደኛውን ብቻ አንብቦ በአምስቱ ላይ መፍረድ የተለመደ ነው፤ አንደኛው ደግሞ ከአምስቱ ይበልጥ ቀልድ የበዛበት፣ ቀለል ያለው ነው።

ስለ ሴቶቹ የሚሰነዘረው አስተያየትም እርማት ይፈልጋል። “ጥንታዊው ተረት ሴት ስለሌለው ጸሐፊው ልዕልት ኤይሎንዊን ከራሱ ጨመረ” ይባላል። ምንጩ ውስጥ ሪያኖን አለች፤ ልጇን በላች ተብላ በሐሰት ተከሳ፣ ሰባት ዓመት በቤተ መንግሥቱ በር ፈረስ መውጫው ድንጋይ አጠገብ እንድትቀመጥ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ታሪኳን እንድትናገርና በጀርባዋ እንድትሸከም የተፈረደባት። ከእሷ ጋር የሚወዳደር ገጸ ባሕርይ በልቦለዱ ይኑር አይኑር እናንተ ፍረዱ። ኤይሎንዊ ብልህና ምላሰኛ ናት፤ ግን በሦስተኛው ቅጽ በድግምት ተይዛ የምትድን፣ በአራተኛው ደግሞ ከመድረክ የራቀች ናት። “ጠንካራ ሴት ገጸ ባሕርይ” ብቻ ብሎ ማለፍ ይህን ይሸፍናል።

ግዊድዮንን በአጭሩ ልለፈው። በአራተኛው ቅርንጫፍ አሥራ ሁለት ፈረስና አሥራ ሁለት ውሻ፣ ከእንጉዳይም አሥራ ሁለት ጋሻ በአስማት ሠርቶ በአሳማዎች የሚለውጥ አታላይ ነው፤ አስማቱ አንድ ቀን ብቻ ይቆያል፣ ጦርነትም ያስከትላል። በልቦለዱ እንከን የሌለበት ልዑል ነው። በአራውን ላይ የጠየቃችሁትን እዚህም ጠይቁ።

“ከቶልኪን ተገለበጠ” የሚለውን ክስ ከመድገማችሁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ለይታችሁ መርምሩ። የእንግሊዛዊው ጸሐፊ የቶልኪን ዋና ሥራ “የቀለበቶቹ ጌታ” በ1954 እና 1955 ስለወጣ ዓመቱ ክሱን አያፈርሰውም፣ አያጸናውምም። የማይታይ የጨለማ ጌታ ይመሳሰላል፤ ጎላው፣ እሪያዋና ዲዳ ሙታኑ ግን ከዌልስ የመጡ መሆናቸው ይታያል። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አትደባልቁ።

አራተኛው ቅጽ “ተጓዡ ታራን” ላይ አንባቢው ለሁለት ይከፈላል። ጦርነት የለውም ማለት ይቻላል፤ ታራን ወላጆቹን እየፈለገ ከአንጥረኛ፣ ከሸማኔና ከሸክላ ሠሪ ዘንድ ሙያ ይማራል። ሦስተኛውን ጨርሶ ውጊያ የጠበቀ ይሰለቻል፤ ከአምስቱ የላቀው እሱ ነው የሚሉም አሉ፣ እኔም ከነሱ ነኝ። የሰለቸው ተሳስቷል አልልም፤ ምን ጠብቆ እንደገባ ግን ይጻፍ። “ውጊያ ፈልጌ ሸክላ አገኘሁ” የሚል አስተያየት ሸክላውን የሚወድ ሰው መጽሐፉን እንዲገዛ ያደርገዋል።

ስትጽፉ ከ300 እስከ 400 ቃል ይበቃል። የታሪኩን ጭማቂ ከአምስት ዓረፍተ ነገር አታሳልፉት። ቀጥሎ አንድ ፍርድ፣ ለፍርዱ ሁለት ማስረጃ ከነገጻቸው፤ ከማስረጃዎቹ አንዱ ከራሳችሁ አሳብ የሚጋጭ ቢሆን ይመረጣል። መጽሐፉ ለልጆች የተጻፈ መሆኑን ጥቀሱ፤ እናንተም በስንት ዓመታችሁ እንዳነበባችሁት ተናገሩ፣ የሃያ አምስት ዓመት ሰው በቀልዶቹ መሰልቸቱ የመጽሐፉ ጥፋት ላይሆን ይችላል። የሌሎችን አስተያየት የራሳችሁን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ አታንብቡ፤ ቃላቸው ሳይታወቃችሁ እጃችሁ ላይ ይገባል። ኮከቡን በመጨረሻ ስጡ፤ መጀመሪያ ከሰጣችሁ ጽሑፉ ለኮከቡ ጠበቃ ይሆናል። የጻፋችሁትን አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ስሞቹን ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ፤ የዌልስ ስም በፊደላችን ሲጻፍ ሁለት ሦስት መልክ ስለሚይዝ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኑ።

ቅርንጫፎቹን ለመጀመር የፈለገ ከሁለተኛው ይነሣ፤ ጎላው ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ለአራውንና ለሪያኖን አንደኛውን፣ ለግዊድዮን አራተኛውን ያንብብ። ሦስተኛው ለዚህ ልቦለድ ብዙም አያስፈልግም፤ ግን አይጥ በስርቆት ተከሳ ለስቅላት ስትቀርብ ማየት ለሚፈልግ እሱም አለ።