የኤረርን አልጌ በኮፐር ሰልፌት ስለማጥፋት፦ መልስ

ማኅበራችሁ በኤረር ወንዝ ላይ የተንሰራፋውን አልጌ (አረንጓዴ የውኃ በቀል) ለማጥፋት ምን ያህል ኮፐር ሰልፌት (አልጌ የሚገድል የመዳብ ጨው) እንደሚያስፈልግ ጠይቃችኋል፤ ሰውና ከብት በሚጠጡት ውኃ ላይ ግን አትጨምሩት። አልጌው በአንድ ጊዜ ሲሞት ብስባሹ የውኃውን ኦክስጅን አሟጦ ዓሣውን ይፈጃል፤ መርዛማው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በውስጡ የያዘውን መርዝ ወደ ውኃው ይለቅቃል።

በቅድሚያ እንጨት ነክራችሁ አውጡ። አልጌው እንደ ክር ተንጠልጥሎ ከወጣ በመንሽ እየጎተታችሁ ከዳርቻው አርቁት፤ እዚያው ከተተወ ጎርፍ ይመልሰዋል። ቀጥሎም ውኃው ረጋ በሚልበት ቦታ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 25 ግራም የገብስ ገለባ በላላ መረብ አድርጋችሁ አንሳፍፉ። ገለባው አየር እያገኘ ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳይበቅል ያግዛል እንጂ ያለውን አይገድልም፤ ስለዚህ ገለባው ተጠቅጥቆ አይታሰር። ዘላቂው መፍትሔ ግን ከጫትና ከአትክልት ማሳ ታጥቦ የሚገባውን ማዳበሪያ መቀነስ ነው፤ ማኅበራችሁም በዚህ ላይ ቢያተኩር እመርጣለሁ።

በሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት አንድ አደጋ አለ፤ ሰዎች «አፍልተን እንጠጣዋለን» ይላሉ። የነከራችሁት እንጨት አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መስሎ ከወጣ አልጌው መርዛማው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ማፍላት መርዙን ስለማያጠፋው ከብቱንም ሰውንም ወዲያው ከውኃው አርቁ።