ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጄ ዓይኗ ደህና ይመስላል፤ ምርመራ ያስፈልጋታል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ የተወለደችው በ29 ሳምንቷ፣ 1,150 ግራም ሆና ነው። አምስት ሳምንት ማሞቂያ ክፍል ተኝታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኦክስጅን ቆይታ፣ ጡት መሳብ ስትጀምር ወጣን። ባለፈው ሰኞ የ45 ቀን ክትባቷን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ስሄድ አንዲት እናት «የሰባት ወር ልጅ ዓይኑ መታየት አለበት» አለችኝ። የሕጻናት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። በባትሪ አይቶ «ብርሃን ሲያርፍባት ትጨፍናለች፣ ምንም የለባትም፤ ስድስት ወር ሲሞላት አምጪያት» አለኝ። የመውጫ ወረቀቷ ላይ ስለ ዓይን የተጻፈ ነገር የለም። ልጠብቅ ወይስ ልውሰዳት?

መልስ፦ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ይውሰዷት። በ29 ሳምንት ተወልዳ ሰባት ሳምንት ከሆናት ከእርግዝናው ጀምሮ ሲቆጠር ዛሬ የ36 ሳምንት ልጅ ናት ማለት ነው። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕጻናት ላይ የሚመጣው የሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ በሽታ (ሐኪሞች በአጭሩ አርኦፒ የሚሉት) ሕክምና ወደሚያስፈልገው ደረጃ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ስድስት ወር ሲሞላት ቢታይባት በሽታው የሚሠራውን ሠርቶ ጨርሷል። አሁን ግን በሽታው ቢኖርም እንኳ ለመድረስ ጊዜ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሬቲና ደም ሥሮች ማደግ የሚጀምሩት በ16ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ፣ የዓይን ነርቭ ከሚገባበት ቦታ ተነስተው ነው። በአፍንጫ በኩል ያለው ጠርዝ ላይ በ36ኛው፣ በጆሮ በኩል ያለው ጠርዝ ላይ ደግሞ በ40ኛው ሳምንት ገደማ ይደርሳሉ። በ29 ሳምንት የተወለደች ልጅ የሬቲናዋ ዳር ገና ደም ሥር አላገኘም። ከተወለደች በኋላ ከሚገባት በላይ ኦክስጅን ሲሰጣት የደም ሥሮቹ እድገት ይቆማል። ሳምንታት አልፈው ሬቲናው ሲበስልና የኦክስጅን ፍላጎቱ ሲጨምር፣ ደም ያላገኘው ዳር አዲስ ደም ሥር የሚያበቅል ኬሚካል በብዛት ያመነጫል። ያኔ የሚበቅሉት ግን አቅጣጫቸውን የሳቱ፣ ግድግዳቸው የሳሳና በቀላሉ የሚደሙ ናቸው። ጠባሳ ይሠራሉ፤ ጠባሳው ሲኮማተር ሬቲናውን እየጎተተ ከቦታው ያላቅቀዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይኑ ከውጪ አይቀላም፣ አያብጥም፣ አያፈስም። የባትሪ ብርሃን የሚደርሰው የዓይኑን ፊት ለማሳየት ብቻ ነው። በብሌኑ ውስጥ የሚታየው ቀይ ነጸብራቅም ሬቲናው እስኪላቀቅ ድረስ ደህና ሊመስል ይችላል። ብሌኑ ነጭ ሆኖ የታየ ዕለት በአብዛኛው ረፍዷል፤ ሬቲናው ሙሉ በሙሉ ከተላቀቀ በኋላ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ውጤቱ ደካማ ነው። ስለዚህ «ዓይኗ ደህና ይመስላል» የሚለው ቃል፣ ከማንም ይምጣ፣ በዚህ ዕድሜ ምንም አያረጋግጥም።

ያዩዋትን ሐኪም ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቻችን ስንማር ይህ በሽታ ከ1 ኪሎ በታች የሆኑ ሕጻናት በሕይወት በሚተርፉባቸው ሀብታም አገሮች ብቻ ያለ ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን በእኛም አገር በ28ና በ30 ሳምንት የተወለዱ ልጆች እየተረፉ ነው። ኦክስጅን በጥንቃቄ በማይለካባቸው ክፍሎች ደግሞ ከዚያ የሚበልጡ ሕጻናትም ይታመማሉ። የአሜሪካ መመሪያ እስከ 30 ሳምንት ወይም እስከ 1,500 ግራም ያሉትን መመርመር ሲል፣ የሕንድ መመሪያ ግን ከ34 ሳምንት በታች ወይም ከ2,000 ግራም በታች የሆኑትን ሁሉ ይጨምራል። ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው የሕንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀን የሚወሰነው በካላንደር ነው፦ ከተወለዱ በ4ኛው ሳምንት፣ ማለትም 30 ቀን ሳይሞላቸው። ከ28 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ወይም ከ1,200 ግራም በታች ለሆኑ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የልጅዎ ክብደት ከ1,200 በታች ስለነበር ገና ማሞቂያ ክፍል ሳለች መታየት ነበረባት። ስለዚህ ለሕጻናት ሐኪም ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ ሕጻኑ ሲተኛ ካርዱ ላይ የተወለደበትን ሳምንትና ክብደት ስትጽፉ፣ የዓይን ምርመራውን ቀንም አብራችሁ ጻፉ። የማሕፀን ዕድሜው በትክክል ካልታወቀ በክብደቱ ወስኑ። ሕጻኑ ከቀኑ በፊት ከወጣ ቀኑ መውጫ ወረቀቱ ላይ ይስፈር፤ እናትየውም በቃል ትስማው። የ45 ቀን ክትባት ላይ «ያለ ጊዜው የተወለደ ነው? ዓይኑ ታይቷል?» ብሎ መጠየቅ የመጨረሻው ወንፊት ነው፤ እዚያ ካመለጠ የሚይዘው የለም።

ኦክስጅኑም የእኛው ሥራ ነው። ኦክስጅን ላይ ያለ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕጻን በጣት መለኪያው ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲያነብ ይፈለጋል። 99 ወይም 100 ሲያነብ ደስ ይላል፤ ግን ከዚያ በላይ ደሙ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንዳለ መለኪያው አይነግረንም፣ ስለዚህ መቀነስ አለበት። ያለ ኦክስጅን በተራ አየር 100 ቢያነብ ችግር የለውም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው፦ የላይኛው ማስጠንቀቂያ ደወል ይጠፋል፤ አየርና ኦክስጅን የሚያደባልቅ መሣሪያ በሌለበት ደግሞ ሕጻኑ ንጹሕ ኦክስጅን ለቀናት ይተነፍሳል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ያለበት ነው፤ ከዚያ ይጀምሩ። ከቱሉ ዲምቱ ሕጻን ታቅፎ መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ አስቀድመው ደውለው «ያለ ጊዜው የተወለደ ሕጻን ሬቲና የሚያይ ሐኪም በየትኛው ቀን አለ?» ብለው ይጠይቁ። «የዓይን ምርመራ» ብቻ ካሉ ተራ ቀጠሮ ሊሰጥዎት ይችላል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የተወለደችበት ሳምንት፣ ክብደቷ፣ የተወለደችበት ቀን፣ በኦክስጅን የቆየችበት ጊዜ፣ ደም ተሰጥቷት ወይም የደም ኢንፌክሽን ይዟት እንደነበር፣ እንዲሁም «ዛሬ 36 ሳምንት» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ይህች የመጨረሻዋ መስመር ተረኛው ሐኪም ቀጠሮውን ለወር እንዳያሻግረው ትረዳለች። በመንገድ ላይ ደረትዎ ላይ ቆዳ ለቆዳ ይዘዋት፣ ኮፍያ አድርገውላት ይሂዱ።

እዚያ ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ በየ5 እና 10 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረግላታል፤ ምርመራው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ፊኒልኤፍሪን ከሆነ ለሕጻን የሚሆነው 2.5 በመቶው ነው፤ የአዋቂው 10 በመቶ የደም ግፊቷን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርስ ይችላል። ጉንጯ ላይ የሚፈሰውን ጠብታ ይጥረጉላት። እንዳያስመልሳት ከምርመራው አንድ ሰዓት ያህል ቀድመው ያጥቧት። በጨርቅ ትጠቀለላለች፣ የዓይን ቆብ መክፈቻ ሽቦ ይገባላታል፤ ታለቅሳለች። ለእናት ማየቱ ይከብዳል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዓይን ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የታለበ ጡት ወይም የስኳር ውኃ ጠብ ማድረግም ሕመሙን ያበርድላታል። ዓይኗ ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀላ አይደንግጡ። በዚያ ቀንና ሌሊት ትንፋሿ ቢቆራረጥ፣ ሆዷ ቢነፋ ወይም አልጠባም ብትል ግን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።

ውጤቱን ሲሰሙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «በሽታ የለም፣ ግን ደም ሥሩ ገና አልጨረሰም» ከተባሉ፣ ምርመራው አላለቀም። ደም ሥሮቹ ጠርዝ እስኪደርሱ በየ1 ወይም 2 ሳምንቱ ትመለሳለች፤ ብዙ ልጆች የሚጠፉት ከዚህ ቀጠሮ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሽራል። ሕክምና የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ከደረሰ ግን ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ያስፈልጋታል። ሌዘሩ ደም ሥር የሌለውን ዳር አቃጥሎ መሀከለኛውን እይታ ያድናል። መርፌ ከተወጋች በሽታው ከወራት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ይረዝማል።

ዳነች ከተባለ በኋላም፣ ወይም ጭራሽ በሽታው ባይዛት፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች የሩቅ ማየት ችግርና የዓይን መንሸዋረር ስለሚበዛ በመጀመሪያው ዓመቷና ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት እይታዋ ይለካላት።