ራስን በመልካም ቃል ማጽናናት ትዕቢት ነውን?

ጥያቄ፦ በዐረብ አገር በሰው ቤት ስሠራ ኖሬ ተመልሻለሁ። በዚያ የሰማሁት ስድብ ግን አልለቀቀኝም፤ ሌሊት ሌሊት «አንቺ የማትረቢ» እያልሁ ራሴን እሰድባለሁ። በጤና ጣቢያ ያገኘኋት የምክር ባለሙያ ለራሴ መልካም ቃል እንድናገር መከረችኝ። ይህ ትዕቢት አይሆንብኝም? ጸሎትንስ መተው አይደለም?

መልስ፦ እኅታችን፣ የተሰጥዎት ምክር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም፤ ዳዊት የሚደግም ምእመን ሁሉ ከነፍሱ ጋር ይነጋገራል። የመዝሙር 41ን ነገር ልብ ብለው ይመልከቱ። መዝሙረኛው ከቤተ መቅደስ ርቆ በዮርዳኖስ ምድር ሳለ፣ ሰዎች ዘወትር «አምላክህ ወዴት ነው?» እያሉ ይዘብቱበት ነበር፤ እንባውም በቀንና በሌሊት ምግብ ሆኖታል። እርሱ ግን የዘባቾቹን ቃል ተቀብሎ በራሱ ላይ አልደገመውም፤ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት፣ «በእግዚአብሔር ታመኚ» ብሎም መከራት። ይህ ቃል በዚያው መዝሙር ሁለት ጊዜ፣ በመዝሙር 42 መጨረሻ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ስለዚህ አንድ ምሽት ተናግረው ልብዎ ባይረጋጋ አይደንግጡ፤ እርሱም መላልሶ መናገር አስፈልጎት ነበር። 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴትም የጌታን ልብስ ከመንካቷ በፊት «ልብሱን ብቻ የዳሰስሁ እንደ ሆነ እድናለሁ» ስትል የነበረው በልቧ ነው፤ ጌታችንም እምነቷን አመሰገነ እንጂ አልነቀፋትም።

ይሁን እንጂ ደስ የሚያሰኝ ቃል ሁሉ ፈውስ አይሆንም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጠቀሰው ባለጠጋም ነፍሱን «ዕረፊ፥ ብዪ፥ ጠጪ፥ ደስ ይበልሽ» ብሏት ነበር፤ ንግግሩ ሁሉ ስለ ጎተራውና ስለ እህሉ እንጂ እግዚአብሔርን የሚያስብ አልነበረም። «ሁሉን እችላለሁ፣ ማንም አያስፈልገኝም» ማለት ከዚህ ወገን ነው፤ ደግሞም እውነት ስላልሆነ በጭንቅ ሰዓት አይጸናም። እርስዎ እውነት የሆነውን ይናገሩ፦ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥረዋል፤ በጥምቀት የልጅነትን ጸጋ አግኝተዋል፤ ከመከራው አገር በሕይወት ተመልሰዋል። ይህን መናገር ሰጪውን ማመስገን ስለ ሆነ ትዕቢት ሊባል አይችልም።

ብዙ ምእመናን ራሳቸውን መስደብን እንደ ትሕትና ስለሚቆጥሩት፣ በዚህ ላይ ጥቂት ልጨምር። ንስሐ የሠሩትን ኃጢአት ለይቶ ለካህን መናገርና ቀኖናን ፈጽሞ ሥርየትን መቀበል ነው፤ ስለዚህ መጨረሻ አለው። ይሁዳ «በድያለሁ» ብሎ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን ወደ ምሕረት አልተመለሰም። ጴጥሮስም መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ጌታም ከትንሣኤው በኋላ ስለ ፍቅሩ ጠይቆ በጎቹን አደራ ሰጠው። የእርስዎ ነገር ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ የሚያሠቃይዎት የሌላ ሰው በደል ነውና፣ ያላጠፉትን ጥፋት በራስዎ ላይ መፍረድ ንስሐ አይባልም።

ማታ የዘወትር ጸሎትዎን አድርሰው መዝሙር 41ን ድምፅ አሰምተው ያንብቡ፤ «ነፍሴ ሆይ» ከሚለው ሲደርሱ የክርስትና ስምዎን ጨምረው ይጥሯት። ስድቡ ሲመለስ ከእርሱ ጋር አይከራከሩ፤ «ነፍሴ ሆይ፥ ወደ ዕረፍትሽ ተመለሺ፥ እግዚአብሔር መልካም አድርጎልሻልና» የሚለውን የመዝሙር 114 ቃል ይበሉ። ማልቀስ ቢመጣ ያልቅሱ።

ወደ ባለሙያዋ መሄድዎንም አያቋርጡ። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምራል፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰውም የታዘዘለትን መድኃኒት መተው የለበትም። ምናልባት በውስጥዎ የሚመላለሰው ቃል ሕይወትዎን እንዲያጠፉ የሚገፋፋ ከሆነ ግን ለብቻዎ አይታገሉት፤ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ይንገሩ፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ፣ የንስሐ አባትዎንም ሌሊት ቢሆን እንኳ ይቀስቅሱ።