ቀይ ስፓይደር ሁሉ የፊልሙ መኪና አይደለችም

ወንድሜ፣ እዚህ ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ አካባቢ ለሽያጭ የቀረበችውን የ1978 ቀይ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር (ጣሪያዋ የሚከፈት የጣሊያን መኪና) ፎቶ ለጥፈህ ሦስት ነገር ጠይቀሃል። ሻጩ «ደስቲን ሆፍማን በፊልም ላይ የነዳት መኪና ናት» ያለው እውነት ነው ወይ? ታሪኳስ ምንድን ነው? ልግዛት ወይስ ልተው? እኔ የምተዳደረው እዚሁ ኦክላንድ በጋራዥ ሥራ ነው። አሮጌ አልፋዎች ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ የራሴም የ1974 ስፓይደር አለችኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ታገሰኝ። (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሻጩ ያለው ልክ አይደለም። ያየሃት መኪና የፊልሟ ዘመድ ናት እንጂ እሷ ራሷ አይደለችም። በፊልሙ፣ በ«ዘ ግራጁዌት» ላይ ያለችው ሰው ሁሉ «ዱዌቶ» የሚላት ባለ 1600 ሞተሯ ስፓይደር ናት። ለመለየት ከኋላ ማየት ይበቃሃል። ዱዌቶ ጀርባዋ ቀስ እያለ እየጠበበና እየወረደ ሄዶ እንደ ጀልባ ጫፍ ክብ ሆኖ ያልቃል። አንተ ፎቶ የለጠፍካት ግን ጀርባዋ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፣ ፊትና ኋላዋም ላይ ትልልቅ ጥቁር የጎማ ፓራውልት አለ። የተቆረጠው ጀርባ የመጣው ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ነው። ትልልቆቹ ፓራውልቶች ደግሞ ከ1975 ጀምሮ የአሜሪካን የግጭት ሕግ ለማሟላት የተገጠሙ ናቸው።

አሁን ወደ ታሪኳ። አልፋ ሚላን ውስጥ በ1910 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስሙ የገነነው በእሽቅድምድም መኪና ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ተራው ሰው ሊገዛው የሚችል መኪና መሥራት ጀመረ። በ1955 ጁልየታ ስፓይደር የምትባል ክፍት መኪና ወጣች። እሷ እንድትሠራ አጥብቆ የወተወተው ኒው ዮርክ ተቀምጦ የአውሮፓ መኪና ያስመጣ የነበረው ማክስ ሆፍማን ነው፤ የአሜሪካ ገዢ ምን እንደሚወድ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ጁልየታም የፊልም ታሪክ አላት። በ1973 በወጣው «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ላይ የፈረንሳይን ፕሬዚዳንት ሊገድል የተቀጠረው ሰው የሚነዳት ነጭ መኪና እሷ ናት፤ ፖሊስ ሲከታተለው መንገድ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይቀባታል።

የጁልየታ ተተኪ በመጋቢት 1966 ጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበች። ቅርጿን ያወጣው የፒኒንፋሪና ቤት ነው። የቤቱ መሥራች ባቲስታ ፒኒንፋሪና በቅርብ ከተከታተላቸው ሥራዎች የመጨረሻዋ እሷ ነበረች። መኪናዋ ለሕዝብ ከታየች በኋላ ብዙም ሳይቆዩ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1966 አረፉ። ለስሟ ውድድር ተደርጎ «ዱዌቶ» አሸነፈ፤ ነገር ግን ስሙን ቀድሞ ያስመዘገበ ብስኩት ስለነበረ መኪናዋ በወረቀት ላይ ስፓይደር 1600 ሆና ቀረች። ሕዝቡ ግን በመጀመሪያው ስም መጥራቱን አልተወም። አሜሪካ የገባችበትም መንገድ ያስገርማል። ራፋኤሎ የምትባል ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ሦስት መኪኖች፣ የጣሊያን ባንዲራ ቀለም ማለት ነው፣ ተጭነው ኒው ዮርክ ደረሱ።

መልኳ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ኮፈኗን ስትከፍት የምታየው 1570 ሲሲ ሞተር ነው። ብሎኩም ቴስታታውም (የሞተሩ የላይ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት የብረት ካሚቻ ገብቶበታል፣ ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት አልቤሮ በካቴና ይዞራሉ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉ ሁለት የዌበር ካርቡራተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጉልበቷ 109 ፈረስ፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ነው፣ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች። አምስት ማርሽ አላት፣ አራቱም ጎማ ላይ የዲስክ ፍሬን አለ። ያን ጊዜ በየመንገዱ የነበረችውን የእንግሊዝ ተፎካካሪዋን ኤምጂቢን ካየህ አራት ማርሽና ከኋላ የታምቡር ፍሬን ነበራት። ልዩነቱን የሚያውቀው ሁለቱንም የነዳ ሰው ነው። ኤምጂቢን አከብራታለሁ፣ ለጥገናም አትከብድም። ኩርባ ላይ ግን አልፋዋ መሪውን ሳታስጨንቅህ የምትሄድበትን መስመር ትነግርሃለች። ጣሪያዋንም ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ በአንድ እጅ ወደ ኋላ ትገፋዋለህ።

አሁን ወደ ፊልሙ፣ ወደ «ዘ ግራጁዌት» ልመለስ። በታኅሣሥ 1967 ወጣ፣ ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ በዚሁ ሥራ ኦስካር አገኘ። ታሪኩ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ቤንጃሚን የሚባል ወጣት (ደስቲን ሆፍማን ነው) ኮሌጅ ጨርሶ ይመጣል፣ የምረቃ ስጦታው ቀይ አልፋ ናት፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ግን አያውቅም። የቤተሰቡ ወዳጅ ከሆነች ትልቅ ሴት ጋር ይገናኛል፣ በኋላ ልጇን ይወዳል፣ ልጅቷን ፍለጋም ካሊፎርኒያን ወደ ላይና ወደ ታች ይነዳል። መጨረሻ ላይ ሠርጉ ወደሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን ሲገሰግስ ቤንዚን ያልቅበትና የቀረውን በእግሩ ይሮጣል። መኪናዋ በፊልሙ ውስጥ ጌጥ አይደለችም። ልጁ ብቻውን የሚሆንባትና በራሱ የሚወስንባት ቦታ እሷ ናት። ዝነኛ ያደረጋትም ይህ ይመስለኛል፤ በየፊልሙ የታየ ቆንጆ መኪና ሞልቷል፣ አብዛኛው ግን ተረስቷል።

እኛ እዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ፊልሙን ስናይ ሳናስተውል የማናልፈው ነገር አለ። ቤንጃሚን ልጅቷን ፍለጋ ከኦክላንድ አጠገብ ወዳለችው በርክሌይ ሲሄድ ሳን ፍራንሲስኮንና ኦክላንድን የሚያገናኘውን ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅን፣ ይሻገራል፣ የሚነዳውም በላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ከ1963 ጀምሮ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚወስደው ብቻ ነበር፤ ወደ እኛና ወደ በርክሌይ የሚመጣው ታችኛው ነበር። ስለዚህ ልጁ ከፍቅረኛው እየራቀ ነው የሚነዳው! ሳንታ ባርባራ አካባቢ ያለው የጋቪዮታ ዋሻም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ብቻ የተሠራ ዋሻ ሆኖ ሳለ እሱ ወደ ደቡብ መሄድ ሲገባው በዚያ ያልፋል። በበኩሌ ለድልድዩ ቅር አይለኝም። በታችኛው ፎቅ ቢነዳ ኖሮ ከአናቱ ያለው ብረት ይሸፍነው ነበር፤ ያቺ ትንሽ ቀይ መኪና በሰፊው ድልድይ ላይ፣ ከላይ ከሰማይ የምትታይበት ቀረጻም አይኖርም ነበር።

አሁን የምነግርህ ነገር አንተ ካየሃት መኪና ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ፊልሙ ሲወጣ ባለ 1600ዋ ዱዌቶ ማምረቻዋ እያበቃ ነበር፤ በ1968 መጀመሪያ ባለ 1750ዋ ተተካች። ከዚያ ይብስ ደግሞ አሜሪካ አዲስ የጭስ ሕግ ስላወጣች አልፋ የ1968 ሞዴል እዚህ አገር አላስገባም። ሲኒማ ቤቶቹ ሞልተው፣ ወጣቱ ሁሉ ያቺን መኪና ተመኝቶ፣ ነጋዴው ጋ ግን የዚያ ዓመት አዲስ አልፋ አልነበረም። በ1969 ሲመለስ ካርቡራተሩ ቀርቶ «ስፒካ» የሚባል በፓምፕ የሚሠራ የቤንዚን ኢንጀክሽን ተገጥሞ መጣ። አንተ የምታያት የ1978 መኪና ባለ 2000 ሞተር ናት፣ ላይዋ ላይ ያለውም ይኸው ስፒካ ነው።

ስፓይደር እስከ 1993 ድረስ ተሠርታለች፤ ከ124,000 በላይ ወጥታለች። ክብ ጀርባ ያላቸው ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ናቸው። አልፋ ራሱ የፊልሙን ዝና ስለሚያውቅ በ1980ዎቹ አጋማሽ «ግራጁዌት» የሚል ስም የለጠፈባት ረከስ ያለች ሞዴል አሜሪካ ውስጥ ሸጧል። ሻጮች «የፊልሙ መኪና» ማለትን የለመዱት ከዚህም የተነሳ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የዱዌቶ ዋጋ ከኋለኞቹ በእጅጉ ይበልጣል፤ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ያ ጀርባና ያ ፊልም ነው። የሞተሩ ዝርያ፣ አምስት ማርሹ፣ አራቱ የዲስክ ፍሬን፣ የመሪው ስሜት ግን በ1978ቷም ላይ አለ። ስለዚህ ለፊልሙ ብለህ ተጨማሪ ዶላር አትክፈል። መኪናዋን ለራሷ ብለህ ግዛት።

ልታያት ስትሄድ ቀለሟን ተወውና ከሥር ግባ። እነዚህን መኪኖች የሚገድላቸው ዝገት ነው። ጣሪያው ያስገባው ዝናብ ምንጣፍ ሥር ይተኛና ወለሉን ይበላል፤ ስለዚህ ምንጣፉን አንስተህ እይ። ከበሩ ሥር ያለው ረጅም ላሜራ ውሃ የሚያወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱ በአፈር ከተደፈኑ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ቀለሙ ያበራል። ክሪክ የሚገባበትን ቦታና ስኮርታ ጎማ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በጣትህ ጫን ጫን አድርግ። ማግኔት ያዝ፤ ማግኔቱ የማይነክስበት ቦታ ሥሩ ብረት ሳይሆን ስቱኮ (መሙያ ልስን) ነው። ሞተር ይጠገናል፣ ዕቃውም ዛሬም ድረስ ይገኛል። የበሰበሰ ቦዲ ግን ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ያስወጣሃል፣ ብዙ ደንበኞቼ ያለቀሱት በዚህ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ እንዲነሣ ጠይቅ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ በብርድ ትንሽ ቢፋጭ የአልፋ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ጠባይ ነው። ሞቆም ከቀጠለ ግን ማርሹን ያለ ፍጭት የሚያስገባው ሲንክሮ አልቋል። በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ከኋላ በኩል ዘይት ያላበው ካለ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ እየሄደ ነው፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ውሃው ላይ ዘይት መኖር አለመኖሩን እይ። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ትራስሚሲዮኑ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበት ወፍራም ጎማ አለ፣ ከተሰነጠቀ ስትነዳ መኪናዋ ትርገበገባለች። ስፒካውን በተመለከተ፣ በሙቀት እየተለጠጠ ቤንዚኑን የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ አለ። እሱ ሲሞት ሞተሩ ሞቆም ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሰው ይህን ሲያይ «ስፒካ የማይረባ ነው» ብሎ ይጥለዋል። አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ካስተካከለው ለዓመታት የሚሠራ ጥሩ ነገር ነው።

ብዙዎች ስፒካውን አውልቀው ዌበር ካርቡራተር ይገጥማሉ። የኔ የ1974 ስለሆነች ችግር የለብኝም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1976 ወዲህ ያሉት መኪኖች እንጂ 1975ና ከዚያ በፊት ያሉት የጭስ ምርመራ የለባቸውም። ያንተ ግን 1978 ናት፤ በየሁለት ዓመቱ ትመረመራለች። መርማሪው ጭሱን ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካ የወጣችበት ዕቃ በቦታው መኖሩንም ያያል። ካርቡራተር ከተገጠመላት ትወድቃለች፣ የተወለቀውን ስፒካ ፈልጎ መመለስ ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም። የለጠፍከው ፎቶ ላይ ኮፈኑ ዝግ ነው፤ ዛሬውኑ ደውለህ ኮፈኑ ተከፍቶ የተነሣ ፎቶ ጠይቀው። የጭስ ምርመራ ወረቀቱን ማቅረብ በሕግ የሻጩ ግዴታ ነው፣ ወረቀቱም ከ90 ቀን በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። «አንተ አስመርምር፣ ዋጋ እቀንስልሃለሁ» ካለህ ተወው። ወረቀቱን ካሳየህና ወለሉ ደህና ከሆነ ግን ቀኑን ንገረኝ፤ እሑድ ከሆነ አብሬህ ሄጄ ከሥሯ እገባልሃለሁ።