መሰርሰሪያችሁን አጽዱ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በእንጨት ዲኤንኤ ምርመራ ሥራ ለመሰማራት ለምታስቡ ነው። ረጅም ዘመን ሠርቼበታለሁ። ዲኤንኤውን ስለሚያነበው ማሽን የሚያወራላችሁ ሞልቷል። እኔ ስለ እጃችሁ ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሎምፒክ ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ ሌቦች የሜፕል ዛፍ ይቆርጡ ነበር። ውስጡ እንደ ውኃ ሞገድ የሚጥመለመል ሜፕል ለጊታር ይፈለጋል፤ ዋጋው አይቀመስም። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው፣ አንዱ ግንድ ላይ የተርብ ጎጆ ሲያገኙ ቤንዚን አርከፍክፈው ለኮሱት። እሳቱ 3,300 ኤከር ያህል ደን በላ። የሰረቁት እንጨት ደግሞ "ከግል መሬት የመጣ ነው" ተብሎ ለጣውላ ፋብሪካ ተሸጧል።

የአሜሪካ ደን አገልግሎት የዘረመል ተመራማሪ የተሸጠውን እንጨት ጫካ ውስጥ ከቀረው ቅሪት ጋር አስተያየው። ከሦስት ዛፎች ጋር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንደኛው ተከሳሽ 20 ወር እስር ተፈረደበት። በእሳቱ ክስ ግን ጥፋተኛ አልተባለም። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ዲኤንኤ የትኛው ዛፍ እንደሆነ ይናገራል፤ ክብሪቱን ማን እንደጫረ አይናገርም። ፍርድ ቤት ስትቆሙ ከምታውቁት በላይ እንድትናገሩ የሚገፋፋችሁ አይጠፋም። እሺ እንዳትሉ።

እንጨት አስቸጋሪ ነገር ነው። የግንዱ እምብርት ከሞተ ቆይቷል፤ ዲኤንኤውም ተበጣጥሷል። ወደ ቅርፊቱ የተጠጋው ለጋ እንጨት ይሻላል። ጣውላው በሙቀት ከደረቀ በኋላ የምታገኙት ፍርፋሪ ነው። ያቺን ፍርፋሪ የሌላ እንጨት ብናኝ በቀላሉ ይውጣታል።

በወጣትነቴ ደርሶብኛል። ናሙና ለመውሰድ ሁለት ጣውላ አከታትዬ በሳሁ። መሃል ላይ መሰርሰሪያውን በጓንቴ ጠረግ አድርጌ አለፍኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለተኛው ጣውላ የመጀመሪያውን ዝርያ ይዞ ወጣ። መሰርሰሪያው ጥምዝ ውስጥ ጥፍር ሥር እንደሚገባ እድፍ የምታህል ሰጋቱራ ቀርታ ነበር። ናሙናው ተጣለ፤ ተጨማሪ እንጨትም አልነበረንም። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። በበረኪና እጠቡ። ጓንት ቀይሩ። ናሙናውን በወረቀት ከረጢት አሽጉ፣ ላስቲክ ያሻግታል። ማን ለማን እንዳስረከበ ፈርሙበት።

ደግሞ ማነጻጸሪያ፣ ማለትም ከታወቀ ዛፍ የተወሰደ ናሙና፣ ከሌለ ማሽኑ ምንም አይነግራችሁም። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ (Prunus africana) ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ዛፉ በእኛም ደኖች ይበቅላል። ጫካ ስትወጡ ቅጠሉንም የእንጨቱንም ቁራሽ ያዙ። ቦታውን እዚያው ቆማችሁ ጻፉ፤ ማታ ቤት ገብታችሁ አይደለም።